«በቀኑ መጨረሻ» ስንት ሰዓት ነው?

ዳውጋቫ ዳር፦
ትናንት ከእናቴ ጋር ሳወራ ነው ደሜ የፈላው። ጠዋት ዜና ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ሰፈራችን መንገድ ሲጠየቁ «በቀኑ መጨረሻ መፍትሔ ያገኛል» ብለዋል። እናቴ እውነት መስሏት እስከ ማታው ዜና ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች። «ምነው ልጄ፣ መሸ እኮ፣ ምንም አላሉ» አለችኝ። «ዞሮ ዞሮ» የሚባል ቃል ያለው ሰው ምን ነክቶት ነው «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ»ን እንዳለ የሚገለብጠው?
እኔ ሪጋ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው። የላትቪያ ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። የእንግሊዝኛ ቃል ግን በር ላይ ሳይፈተሽ አይገባም። ሳትጠይቀው ኢሜይልህን ለሚያጥለቀልቀው ማስታወቂያ «ሜስቱሌ» ይሉታል፤ «ሜስሊ» ቆሻሻ ነው፣ «ቬስቱሌ» ደብዳቤ፣ ሁለቱን ሰፍተው አንድ አደረጓቸው። ብሎግ «ኤሙአርስ» ነው፤ የሕይወት ማስታወሻ ለማለት «ሜሙአርስ» የሚል ቃል አላቸው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ቆረጡና አለቀ። ኮምፒውተር «ዳቶርስ»። ድረ ገጽ በከፈትክ ቁጥር ፍቀድልኝ የሚልህ ኩኪ «ሲክዳትኔ»፣ ትንሿ ፋይል እንደማለት። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን «ስሜት ይሰጣል»፣ «ፈተና ወሰድኩ»፣ «ሻወር ወሰድኩ» እያልን እንኖራለን። ለዚህ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ያለው ካለ ይንገረኝ።

ሰባተኛ፦
«ውሃ የሚያነሳ ምክንያት»! ሃሃሃሃ። ወንድሜ፣ እንግሊዞቹ «ሆልድ ወተር»፣ ውሃ ይይዛል፣ ይላሉ እኮ። ራስህ ቀድተህ ሌላውን ቀጂ ትላለህ? ከዚያ በላይ ያለውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ዳውጋቫ ዳር፦
እሱ የጥንት አማርኛ ነው።

ሰባተኛ፦
ሲመችህ የጥንት፣ ሳይመችህ ቅጂ። እንግሊዝኛው የዕቃ ነገር ነው፤ የተሰነጠቀ እንስራ ውሃ አይዝም። ያንተም ያው ነው።

ማኛ፦
እንስራ ምን አገባው? የዱቄት ነገር ነው። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው፣ እዚያ ነው ያደግኩት። ጥሩ ጤፍ ሲቦካ ውሃ ያነሳል፤ ትጨምሪበታለሽ ይሸከማል፣ እንጀራውም ይበረክታል። የተደባለቀበት ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ይቀጥናል። ሴቶቹ በማግስቱ መጥተው «ያንተ ዱቄት ውሃ አያነሳም» ብለው ነበር አባቴን የሚያፋጥጡት። ወፍጮ ቤት በር ላይ እንግሊዝኛ ያስተማራቸው ማነው?

ሰባተኛ፦
እህቴ፣ ዱቄት ውሃ ማንሳቱን ማን ካደ? ምክንያት ውሃ ማንሳቱ ነው ጥያቄው። ከቡሃቃ አውጥቶ ወደ ክርክር ያሻገረው ማነው? ጋዜጠኛ። ጋዜጠኛ ምን ሲያነብ ያድራል? እንግሊዝኛ።

ማኛ፦
እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ይሄ ወሬ ውሃ አያነሳም» ትላለች። የትኛውን ጋዜጣ አንብባ ይሆን?

ሰባተኛ፦
ሬዲዮ የለም ቤታችሁ?

የ67 ዘማች፦
ልጆች፣ ስለ ትርጉም ከተነሳ እኛም የድርሻችንን አበላሽተናል። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደን «ቡርዧ» ብንላቸው አይገባቸውም ብለን «ከበርቴ» አልን፣ «ፔቲ ቡርዧ»ን ደግሞ «ንዑስ ከበርቴ»። አንድ አዛውንት በጥሞና ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ልጄ፣ ንዑስ የምትለው ስንት ከብት ያለውን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ከተማ ተመልሰን «ወዝ አደር» ነው ወይስ «ላብ አደር» እየተባባልን ስንጣላ ከረምን። ዛሬ ወዝ አደር የሚለው ቃል የሚሰማው ለቀልድ ነው። «ርዕዮተ ዓለም» ግን ቀረ፤ ማንም ትርጉም መሆኑን አያስታውሰውም። የትኛው ቃል እንደሚኖር የምታውቁት እናንተ አይደላችሁም።

ዳውጋቫ ዳር፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ቢያንስ ሞከራችሁ። «ከበርቴ» ባይገባ የሚያስረዳ ዘማች ነበረ። ዛሬ ማን ይሞክራል? በንጉሡ ጊዜ ማብቂያ ላይ የአማርኛ አካዳሚ ተቋቋመ፣ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ፣ በ1980ዎቹ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አወጣ። መጽሐፉን ቤቱ ያለው ሰው እጁን ያውጣ።

የ67 ዘማች፦
እኔ አለኝ። የልጅ ልጄ ወንበር ላይ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ እናነጥፍለታለን። ወፍራም ነው።

ሰባተኛ፦
ጋሼ ዛሬ ገደሉኝ።

ማይን ዳር፦
ከፍራንክፈርት ነኝ። ስለዚህ ስለ ላትቪያ «በር ላይ ፍተሻ» አንድ ነገር ልጠይቅ። ዳውጋቫ ዳር፣ ባለፈው ጊዜም ስለ አባባሎቻቸው ስታሞግስ ነበር፤ ምን ነበር ያልከው?

ዳውጋቫ ዳር፦
አልኩ፣ አሁንም እላለሁ። እንግሊዝ ዶፍ ሲጥል ድመትና ውሻ ዘነበ ይላል። ላትቪያኖቹ «ሊስት ካ ፓ ያኒየም» ይላሉ፣ «እንደ ያኒ ሰሞን ይዘንባል»። ያኒ በፈረንጆች ሰኔ 23 ማታ እሳት አንድደው እስኪነጋ የሚያከብሩት በዓል ነው፤ ዘንቦ እንደሚያበሰብሳቸው እያወቁ ነው የሚወጡት። አባባሉ ከራሳቸው ማሳ የበቀለ ነው። ካናደድካቸው «ኤይ ቤኮት» ይሉሃል፣ ሂድ እንጉዳይ ልቀም። ውሸት ስታወራ «ዳክዬ ጫጩት እየነፋህ ነው»። ሳያዩ መግዛትን እንግሊዝ «አሳማ በከረጢት» ሲል እነሱ «ድመት በከረጢት መግዛት» ይላሉ። አሳማውን አልተቀበሉም!

ማይን ዳር፦
ይቺን ድመት ነበር የምጠብቃት። ድመቷ ጀርመን አገርም አለች፣ ቃል በቃል፣ ያው ከረጢት ውስጥ። የጀርመን ባላባት ለብዙ መቶ ዓመታት በላያቸው ላይ ሲገዛ ቃሉን ደጅ ላይ ጥሎ የገባ ይመስልሃል? ከእንግሊዝኛ የሚከላከሉት ዛሬ ነው፤ ከጀርመንኛ ትናንት ጠግበዋል። እኛም ከጣሊያን መኪናውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ካልሲውን ወስደን ዛሬ አማርኛ ነው እንላለን። ስልክ ራሱ ዐረብኛ ነው፣ ሽቦ ማለት። «ውሃ የሚያነሳ»ውም...

ማኛ፦
እንዳትጀምር።

ዳውጋቫ ዳር፦
ካልሲ ቃል ነው፣ ዕቃው ሲመጣ አብሮት መጣ፤ ማን ተቃወመ? እኔ የምለው ስለ አስተሳሰቡ ነው። «ፈተና ወሰድኩ» የሚል ልጅ «ተፈተንኩ» የሚለውን ረስቶታል። ተፈተንኩ አንድ ቃል ነው! አንዱን በሁለት እየቀየረ ያደገ የመሰለው ትውልድ።

ሰባተኛ፦
አያቴም «እርምጃ ወሰዱ» ይላል። እሱስ ከየት ተወሰደ? ደርግ በሬዲዮ እርምጃ ሲወስድ አንተ አልተወለድክም።

የ67 ዘማች፦
የዚያን ዘመን እርምጃ እዚህ አታምጣው ልጄ።

ሰባተኛ፦
ይቅርታ ጋሼ። ግን ላትቪያ ላትቪያ የሚለው ሰው የማይነግረን ነገር አለ። እዚያ አገር የመንግሥት ቋንቋ ማዕከል የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ በሥራ ቦታ ቋንቋውን በሚገባ ያልተጠቀመ ይቀጣል፣ በገንዘብ! ሕጉ የወጣው በፈረንጆች 1999 ነው። ጀርመናዊ ያገባች ሴት የባሏ ስም «መንትስን» ፓስፖርቷ ላይ «መንትሴና» ተብሎ ተጻፈባት፤ ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ2004 አቤቱታዋ ውድቅ ሆነ። ጆርጅ ቡሽ እዚያ «ጆርጅስ ቡሽስ» ነው። ይሄን ነው ለእኛ የምትመኝልን? ሰማንያ ምናምን ቋንቋ ባለበት አገር? ማን በማን ላይ ተቆጣጣሪ ሊሆን?

ዳውጋቫ ዳር፦
ስለ ቅጣት አንድ ቃል ተናገርኩ? «በር ላይ ሳይፈተሽ አይገባም» ያልኩት ለምሳሌ ነው።

ሰባተኛ፦
ፍተሻ ያልከው አንተ ነህ። ፍተሻ ያለ ፈታሽ የለም።

ማይን ዳር፦
ፍተሻውም ሁሌ አይሠራም። በፈረንጆች 2014 ወደ ዩሮ ሲገቡ ስሙን ለቋንቋቸው እንዲስማማ ሊለውጡት ለዓመታት ተሟግተዋል። ሰዉ «ኤይሮ» ይላል፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ላይ ግን «ኤውሮ» ነው። ሁለት ስም ያለው አንድ ሳንቲም ይዘው ቀሩ።

አስተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። እኔ ዋሽንግተን በማስተርጎም እንጀራዬን እበላለሁ። ከተማዋ ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ በአማርኛ የሚተረጎም ወረቀት ሞልቷል። ግማሹን የአገሬ ሰው አንብቦ አይረዳውም። «የደም ግፊት አለብዎት ወይ?» ይላል ቅጹ። አንዷ እናት «ግፊት ያለበት ደም ያልሞተ ሰው ደም አይደለም ወይ?» አሉኝ። ደም ብዛት ብንላቸው ምን ነበረበት! ቃሉ ላይ ሐኪም ይስቃል፣ በሽተኛው ግን ያውቀዋል።
በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ጊዜ አንድ አባት «ሆድ ብሶኛል» አሉ። በስልክ የሚያስተረጉመው ልጅ «ሆዱ ብሶበታል» ብሎ አቀበለ። ሐኪሙ ሆዳቸውን እየነካካ የት ላይ ነው ይላል፣ አባት ደግሞ አዝነው አፈጠጡ። እና ይሄ «ባህር ማዶ ሄደው ቋንቋቸውን አበላሹ» የሚባለው ልጅ እኮ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ ቀድቶ ነው ያበላሸው። ስለዚህ እባካችሁ ጥፋቱን ለእንግሊዝኛ ብቻ አታድርጉት።

ዳውጋቫ ዳር፦
እህቴ፣ ሆድ ብሶኛልን የማያውቅ ልጅ ማን አሳደገው? ያው «ስሜት ይሰጣል» የሚል አማርኛ ነው ያሳደገው።

አስተርጓሚዋ፦
እናቱ ሁለት ሥራ ስትሠራ ያሳደገችው ልጅ ነው። ስሜት የሰጠው የለም።

ሰባተኛ፦
👏

ዳውጋቫ ዳር፦
ወደ ስሜት መስጠት ከመጣን፣ «ያስኬዳል» የት ሄደ? «ስሜት የሚሰጥ ሐሳብ» ስባል ሐሳቡ የሚያለቅስ ነው የሚመስለኝ። ይህን ብቻ መልሱልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

ሰባተኛ፦
ያስኬዳል ለመኪና ነው። ለመኪናም ነዳጅ ሲኖር።

ማኛ፦
እኔ «ያስኬዳል» እላለሁ። «ስሜት አይሰጥም»ም እላለሁ፣ ሲያናድደኝ። እና ምን ይጠበስ? ግን «ውሃ አያነሳም»ን ለእንግሊዝ አሳልፌ አልሰጥም። እዚያ ላይ ወፍጮ ቤታችንን ነው የሰደባችሁት።

ሰባተኛ፦
የአባትሽ ዱቄት ውሃ ያነሳል አላልኩም እንዴ? ሰላም እንውረድ ብዬ ነው።

ማኛ፦
ለዱቄቱ አመስግነህ ለቃሉ ትክዳለህ። አልተቀበልኩም።

የ67 ዘማች፦
ማኛ ልጄ፣ አባትሽ ወፍጮ ቤት የት ሰፈር ነበር? ሳሪስ በኩል አንድ የማውቃቸው ነበሩ።

ማኛ፦
አይ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ነው። አሁን ተሽጧል።

ማይን ዳር፦
ጤፍ ከተነሳ፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ውሃ የሚያነሳ ጤፍ የምታውቁ አላችሁ? እዚህ የምገዛው በሁለተኛው ቀን ይተኛል።

አስተርጓሚዋ፦
አብሲቱን ምን ያህል ነው የምታደርገው?

ማይን ዳር፦
አብሲት ምንድነው?

ዳውጋቫ ዳር፦
አያችሁ?!

ሰባተኛ፦
ሂድ እንጉዳይ ልቀም።