ራሱን ችሎ የሚሠራ አርቲስት ድምፁንና ስሙን ሲለውጥ ለአድማጩ ዕዳ አለበትን? በስተርጂል ሲምፕሰን አልበም ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ለዚህ ሳምንት የቀረበው ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ስታነሡት የቆያችሁት ነው። የኬንታኪው ተወላጅ፣ የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኙ ስተርጂል ሲምፕሰን በራሱ ስም የሚያወጣቸው አልበሞች አምስት ብቻ እንደሚሆኑ አስቀድሞ ሲናገር ቆይቶ፣ አምስተኛውን በ2021 አሳተመ። ከዚያም ጁላይ 12 ቀን 2024 «ጆኒ ብሉ ስካይስ» በሚል አዲስ ስም፣ በራሱ አሳታሚ ድርጅት በ«ሃይ ቶፕ ማውንቴን» በኩል፣ «ፓሳጅ ዱ ዴዚር» የተባለውን ባለ ስምንት ዘፈን አልበም አወጣ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማንም ኩባንያ የማያዝዘው፣ ነገር ግን በአድማጮቹ ገንዘብና ፍቅር የቆመ አርቲስት እንዲህ ሲለወጥ ለእነርሱ የሚጠበቅበት ነገር አለ ወይስ የለም? አስተያየታችሁ በሥራው ላይ ብቻ እንዲያተኩር አደራ እላለሁ።

የዳላሷ፦
የሚጠበቅበት ነገር አለ ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን ሰው የማውቀው በ2014 «ሜታሞደርን ሳውንድስ ኢን ካንትሪ ሙዚክ» የተባለውን አልበም ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ያ አልበም 4,000 ዶላር ገደማ በሆነ ገንዘብ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቀረጸ ነበር። ትልልቆቹ የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያዎች ፊት አልሰጡትም፤ ሰው ዘንድ የደረሰው እኛ ለወዳጆቻችን እየላክነው፣ ሸክላውን እየገዛን፣ በትንንሽ አዳራሾች ቆመን እየሰማነው ነው። የእኔ ሸክላ ዛሬም ሳሎን ውስጥ አለ። ከሌሊት ተረኝነት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ የማነሣው እርሱን ስለነበር የሽፋኑ ጠርዝ ተልጦ ነጩ ካርቶን ይታያል።

አዲሱን አልበም ስከፍት ግን የለመድኩት ድምፅ አልተቀበለኝም። በመጀመሪያው ዘፈን አኮርዲዮን፣ ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ የነበረውን ለስላሳ ሮክ የሚያስታውስ ቅንብር፣ በመጨረሻም ረጅም የጊታር ጉዞ ነው የሰማሁት። ያለ ጥርጥር ካንትሪ ነው ብዬ የምፈርምለት «ሁ አይ አም» የተባለውን አንድ ዘፈን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ስሙንም ለወጠ። ኩባንያ የያዘው አርቲስት ቢለወጥ ኩባንያው አስገድዶት ይሆናል ብዬ እታገሠዋለሁ። ራሱን ችሎ የሚሠራው ግን ከኩባንያ ያልተበደረውን ከእኛ ተበድሯል፤ የተበደረውም አደራ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይነካም።

ባለ ትራኩ፦
እኅቴ፣ ቅሬታሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አደራው ምን እንደነበር አስቀድመን እንለይ። በ2013 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የድሮውን የካንትሪ ድምፅ ይዞ መጣ። በ2014 በዚያው ድምፅ ላይ ከካንትሪ ግጥም ርቆ የኖረ ሐሳብ ጨመረበት። በ2016 ለልጁ ደብዳቤ አድርጎ በጻፈው አልበም «ዳፕ ኪንግስ» የተባለውን የሶል ሙዚቃ ቡድን የትንፋሽ መሣሪያዎች አስገባ፤ ያም አልበም የዓመቱ ምርጥ የካንትሪ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ፣ በጠቅላላው የዓመቱ አልበም ዘርፍም ታጨ። በ2019 «ሳውንድ ኤንድ ፊዩሪ» ከጃፓን ካርቱን ፊልም ጋር የወጣ ጆሮ የሚያደነቁር ሮክ ነበር። በ2020 ዞሮ የድሮ ዘፈኖቹን በብሉግራስ (በባንጆና በማንዶሊን በሚታጀበው የካንትሪ ዘር) የተጫወተባቸው ሁለት አልበሞች አወጣ፤ እነዚህ ከአምስቱ አይቆጠሩም። በ2021 ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ፣ በድሮው ኬንታኪ የሚካሄድ አንድ ሙሉ የፍቅር ታሪክ አቀረበልን። እንግዲህ ይህ ሰው ለአንድም ቀን «እንደ ትናንቱ እሆናለሁ» ብሎ ቃል አልገባም። ሲሸጥልን የኖረው ለውጡን ነው፤ እኛም ገዝተነዋል።

አልበሙን የሰማሁት ከናሽቪል ወደ ሜምፊስ ጭነት ይዤ በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ሌሊት ስነዳ ነው። የመጨረሻው ዘፈን፣ «ዋን ፎር ዘ ሮድ»፣ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ድምፃዊው ተናግሮ ሲያበቃ ጊታሩ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቃል የለም። የቴኔሲን ወንዝ የተሻገርኩት ጊታሩ ገና እያለቀሰ ነው። የካንትሪ መለያ የሆነው፣ ድምፁ የሚንሸራተተው ስቲል ጊታር ስንት ደቂቃ አለ ብዬ የምቆጥርበት ልብ አልነበረኝም።

የስቶክሆልሙ፦
እኔ ይህን አርቲስት ያወቅሁት በዚህ አልበም ነው። የቀደሙትን አልሰማኋቸውም ነበር፤ ከሰማኋቸው በኋላም የምመለሰው ወደዚህኛው ነው። እኔን የመሰለው አድማጭ በዚህ የዕዳ ሒሳብ ውስጥ የት እንደሚገባ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

የናሽቪሉ፦
ቅዳሜና እሑድ በአንድ አነስተኛ የቅጂ ስቱዲዮ አግዛለሁና «ራሱን ችሎ መሥራት» የሚለው ቃል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። አንድ ትልቅ ኩባንያ አርቲስት ሲያስፈርም ለቅጂና ለማስተዋወቅ ገንዘብ ያስቀድማል፤ ያንን ገንዘብ ግን ከአርቲስቱ ድርሻ ላይ እየቀነሰ ያስመልሳል። ተመልሶ ካለቀ በኋላም ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ በአብዛኛው የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ቤት ሠርቶ ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ ካርታው በሌላ ሰው ስም የሚወጣበት ሰው ምን ይሰማዋል? ራሱን የቻለው አርቲስት ይህን ለማምለጥ ሲል ወጪውንም ኪሳራውንም በራሱ ትከሻ ይሸከማል። ይህ መንገድ እንደሚያዋጣ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ 2015 ነው፤ ያን ዓመት የቴክሳሱ አሮን ዋትሰን ራሱ ያሳተመው «ዚ አንደርዶግ» በቢልቦርድ የካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ሆነ። ራሱን ችሎ ለሚሠራ ወንድ የካንትሪ ዘፋኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሲምፕሰን ሁለቱንም ቤት ኖሮባቸዋል። የ2016ቱና የ2019ኙ አልበሞች በትልልቅ ኩባንያዎች የወጡ ናቸው። በ2017 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት እዚህ ከተማ በብሪጅስቶን አዳራሽ ሲሰጥ፣ በዚያው ዓመት ግራሚ የወሰደው ሰው ከአዳራሹ ውጭ እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ጊታር ይጫወት ነበር። ግራሚው በተከፈተው የጊታር ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አላፊ አግዳሚው የሚጥለው ገንዘብም ለሲቪል መብቶች ድርጅት የሚሰጥ ነበር። በስልክ በቀጥታ ሲያስተላልፈው አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ነፃነቱን መልሶ በእጁ ያስገባ ሰው፣ የኩባንያውን ትእዛዝ በአድማጭ ትእዛዝ ይተካ ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

የአዲስ አበባው፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ከእናንተ ይበልጣልና ትንሽ ወደ ኋላ እንድመለስ ፍቀዱልኝ። የእኔ ትውልድ ካንትሪን የሰማው በካሴት ነው፤ ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ኬኒ ሮጀርስን። እንግሊዝኛው ባይገባን እንኳ ናፍቆቱ ይገባን ነበር፤ ትዝታ ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይደለምና። ብዙዎቻችን «እውነተኛው ካንትሪ ይህ ነው» እያልን አድገናል።

በኋላ ሳነብ የተረዳሁት ነገር ግን አስገረመኝ። ያ እኛ «እውነተኛ» ያልነው የጂም ሪቭስ ድምፅ በዘመኑ የተለወጠው ድምፅ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮክ ገበያውን ሲሻማባቸው፣ ቼት አትኪንስና ኦወን ብራድሊ ናሽቪል ላይ ፊድሉን (በካንትሪ ስልት የሚመታውን ቫዮሊን) እና ስቲል ጊታሩን ወደ ዳር እያደረጉ በምትካቸው የቫዮሊን ቡድንና ለስላሳ የኅብረት ድምፅ አስገቡ። «የናሽቪል ድምፅ» የተባለው ይኸው ነው። በጊዜው ካንትሪን አበላሹት ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እንግዲህ የዳላሷ ልጄ ዛሬ የምታሰማው ቅሬታ ያኔ የተሰማው ቅሬታ ነው፤ ያኔ የተወቀሰው ድምፅ ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የካንትሪ ሁሉ ሥር መስሎ ታየን። በእኛም አገር ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ቅንብር ጋር ሲያዋሕድ፣ ቅኝቱ ቅኝት ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ካንትሪነትን በመሣሪያ ዓይነት ብቻ መለካት አይበቃም እላለሁ። ዘፈኑ ታሪክ ይነግራል ወይ? የተጎዳ ሰው በግልጽ ቋንቋ ይናገርበታል ወይ? እነዚህን ነው የምጠይቀው፤ በዚህ አልበም ሁለቱንም አግኝቻለሁ።

የዳላሷ፦
ጋሼ፣ የጠቀሱት ታሪክ ለእኔም ይመሰክርልኛል። ያን ለውጥ ያመጣው የአርቲስቱ ነፍስ ሳይሆን ገበያ ነበር። ቅሬታውም ከንቱ አልቀረም፤ በ1970ዎቹ ዌይሎን ጄኒንግስና ዊሊ ኔልሰን በራሳቸው ቡድንና በራሳቸው ምርጫ ለመቅረጽ ሲታገሉ ከጀርባቸው የቆመው ያንን የለሰለሰ ድምፅ የሰለቸ አድማጭ ነው። የዊሊ ኔልሰን የ1975ቱ «ሬድ ሄዲድ ስትሬንጀር» ቅንብሩ እጅግ የሳሳ ስለነበር የኩባንያው ሰዎች ያላለቀ የሙከራ ቅጂ መስሏቸው ነበር፤ አድማጩ ግን ተቀበለው። አድማጭ ድምፅ አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ቅር ሲለውም መናገሩ ከውለታ ቢስነት ሊቆጠርበት አይገባም።

ሌላም አለኝ። በ2020 የወጡት ሁለቱ የብሉግራስ አልበሞች እንዴት እንደመጡ እናስታውስ። በወረርሽኙ ጊዜ ያለ ታዳሚ ኮንሰርት አቅርቦ፣ አድማጮች ለበጎ አድራጎት የተወሰነ ገንዘብ ካዋጡ አልበም አወጣለሁ አለ፤ አዋጣን፤ የድሮ ዘፈኖቹን በባንጆና በማንዶሊን እንደገና ተጫውቶ አወጣ። ታዲያ በእርሱና በእኛ መካከል ውል የለም የሚባለው እንዴት ነው? ውሉን የከፈተው እርሱ ራሱ ነው።

ባለ ትራኩ፦
በዚህ ነጥብ ልክ ነሽ፤ አስቤበት አላውቅም ነበር። ነገር ግን ያ ውል ተፈጽሟል፤ ቃል የገባውን ሰጥቶናል። አንድ ጊዜ የተከፈለ ዕዳ በየአልበሙ አይታደስም።

ስሙን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 የድምፅ አውታሮቹ ደም ፈስሶባቸው ጉዞውን ለማቋረጥ ተገድዶ ነበር። ድምፁ የእንጀራው መሠረት የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት፣ በአሮጌው ስም ላይ የተከመረውን ሁሉ አውልቆ በሌላ ስም መመለስ ቢፈልግ አልፈርድበትም። የተመለሰውም እጁን አጣጥፎ አይደለም። በ2024ቱ የኮንሰርት ጉዞ ከፊቱ የሚያሟሟቅ ሌላ ዘፋኝ ሳያቆም ሦስት ሰዓት ያህል ይጫወት ነበር፤ የድሮዎቹንም ዘፈኖች ጨምሮ። ያ አንቺ የምትወጂው የ2014 አልበም ላይ የተጫወተው ኢስቶኒያዊው ጊታሪስት ላውር ዮአሜትስም አብሮት ነበር። ስም ተለወጠ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም።

የናሽቪሉ፦
ስለ ስሙ ግን የዳላሷን በከፊል እደግፋለሁ። አዲስ ስም ለአርቲስቱ ዕረፍት ይሆን ይሆናል፤ ስልኩ ላይ የድሮውን ስም ብቻ ጽፎ ለሚፈልግ ሰው ግን አልበሙ በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። እኔ ራሴ እንደወጣ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ይህን በደል አልለውም፤ ሲያሳዝነኝ ግን አልክድም።

አወያይ፦
በመጨረሻው ዙር ወደ ዘፈኖቹ እንድትመለሱ እጠይቃለሁ። «ጁፒተርስ ፌሪ» የተባለውን ማንም አላነሣውም።

የዳላሷ፦
እኔ ላንሣው፤ ሆን ብዬ ነበር የተውኩት። ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚወስድ ዘፈን ነው። ሰውዬው ለዓመታት ሳይጠይቀው የቆየውን የድሮ ጓደኛውን ሲፈልግ፣ ጓደኛው በገዛ እጁ ሕይወቱን እንዳጠፋ ይረዳል። እንደ ልማዴ ከሌሊት ሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ሰማሁትና ቤቴ በር ላይ ደርሼ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆየሁ። ስልኬ ውስጥ ደሴ የምትኖር አብሮ አደጌ ቁጥር አለ፤ ስድስት ዓመት አልደወልኩላትም ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ደወልኩ። እዚያ ከቀትር በኋላ ነበር። «አለሁልሽ፤ ምነው፣ ማን ሞተ?» አለችኝ፤ ስድስት ዓመት ዝም ካለ ሰው የሚመጣ ስልክ ከመርዶ ሌላ ምን ይመስላታል። ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን።

ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ፣ የተጎዳ ሰው በግልጽ ቋንቋ ይናገርበታል ወይ የሚለው፣ ለዚህ ዘፈን መልሱ አዎን ነው። ስለ አልበሙ ሙሉ ድምፅና ስለ ስሙ የተናገርኩትን ግን አላነሣም። ይህን ዘፈን ስቲል ጊታሩን ይዞ በድሮው ስሙ ቢዘፍነው አይጎድልበትም ነበር።

የአዲስ አበባው፦
ልጄ፣ ያን ጊዜ ደግሞ አብሮ አደግሽ ዘንድ ትደውዪ ነበር ወይ?

የዳላሷ፦
እርሱን አላውቅም፣ ጋሼ። የአዲሱን ሸክላ እስካሁን አልገዛሁትም። ቅዳሜ ዕረፍት ነኝ፤ ባለ ትራኩ ወንድሜ ያለውን የመጨረሻውን ዘፈን ቤቴ ተቀምጬ፣ ስልኬን ዘግቼ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ ልግዛ አልግዛ እወስናለሁ።