ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በረጅም በረራ የራሱ ወንበር ይኑረው ወይስ ጭን ይበቃዋል?

መነሻ ጥያቄ፦
ዕድሜው ሁለት ዓመት ያልሞላ ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ እንዲበር የአብዛኛው ዓለም ሕግ ይፈቅዳል። በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ጊዜ የሚከፈልለት የአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ነው፤ ወንበር ግን የለውም። አሥርና አሥራ አራት ሰዓት በሚፈጅ በረራ ላይ ይህ ይቅርና እያንዳንዱ ሕፃን በራሱ ወንበር፣ በራሱ ማሰሪያ ይሂድ የሚል አስገዳጅ ሕግ ይውጣ? ምክንያታችሁን አስቀምጡ።

ቀበቶ ጠበቅ፦
ይውጣ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ የምግብ ጋሪው ይቆለፋል፣ ቦርሳ ከወንበር ሥር ይገፋል፣ ላፕቶፕ ሳይቀር ይሰበሰባል። ካቢኑ ውስጥ ሳይታሰር የሚቀረው ሕፃኑ ብቻ ነው። «አጥብቄ እይዘዋለሁ» የፍቅር ንግግር ነው፤ የጉልበቱ ነገር ሌላ ነው። የዘመኑ የአውሮፕላን ወንበር የሚፈተነው በ16 ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበትን 16 እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው፤ የ9 ኪሎ ሕፃን በዚያ ቅጽበት 144 ኪሎ ይከብዳል ማለት ነው። ያን በክንዱ የሚይዝ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ሲከሰከስ በጭን የሚጓዙ አራት ልጆች ነበሩ። ወላጆቹ ልጆቹን ወለሉ ላይ አድርገው እንዲይዙ ተነገራቸው። ከእጅ ያመለጡ ነበሩ፤ አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ለእያንዳንዱ ሕፃን ወንበር ይሰጠው እያለ ይወተውታል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ አውጪው ኤፍኤኤ ግን ይመክራል እንጂ አያስገድድም።

ሒሳበኛው፦
ለምን እንደማያስገድድ ሳትነግረን አለፍክ እኮ። ኤፍኤኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን መርምሮ የተወው ሰንፎ አይደለም። ለሕፃኑ ሙሉ ትኬት ግዙ ሲባሉ ከፊሎቹ ቤተሰቦች በረራውን ትተው በመኪና ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ የሚሞተው ደግሞ አየር ላይ ከሚሞተው እጅግ ይበልጣል። አንዱን ለማዳን ብለህ ሌሎችን ወደ አስፋልት ትገፋለህ። ሲሰሙት ያስቀይማል፣ ግን ስሌቱ ይህ ነው።

የካቢን ልጅ፦
ወንድሜ ሒሳበኛው፣ ውቅያኖስ በመኪና አይታለፍም። ያ ስሌት የተሠራው በመኪናም ሊደረስ ለሚችል መንገድ ነው። እዚህ የምንከራከረው ስለ አሥር ሰዓት በረራ ከሆነ የ2005ቱን ምክንያት ይዘህ መምጣት አትችልም።

ሒሳበኛው፦
ይህን ተቀብያለሁ። ነገር ግን የረጅም በረራ አማራጩ መኪና ካልሆነ አለመሄድ ነው። ዋጋው ከ10 በመቶ ተነስቶ ለልጅ ወንበር ብዙ ጊዜ ወደሚጠየቀው 75 በመቶ ሲዘል ስንቱ አያት የልጅ ልጁን ሳያይ ይቀራል? ደግሞም ረጅም በረራ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ያርፋል። በሰዓት ሲካፈል አደጋው ከአጭሩ ያነሰ ነው። የሚቀረው የመሀል ሰማይ መናወጥ ነው።

ቀበቶ ጠበቅ፦
«የሚቀረው» አልከው? በበረራ ላይ ሰው በብዛት የሚጎዳው በመናወጥ ነው። አውሮፕላኑ ድንገት ሲወርድ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ይወድቃል። በጃንዋሪ 2024 የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 የጎኑ ሽፋን ተነቅሎ በወደቀበት ጊዜ ሦስት ሕፃናት ጭን ላይ ነበሩ። ቀዳዳው አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ነው ያተረፈን። ዕድል መመሪያ አይሆንም።

ሲስተር ማ.፦
ሁለታችሁም ሕፃኑ ወንበሩ ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። አይቀመጥም፤ መቀመጥም የለበትም። ካር ሲት (የመኪና የሕፃን ወንበር) ውስጥ አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና የአየር መንገዱ ይጠባል። ለዚህ ነው ያለ ዕረፍት ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት የሚባለው። የአውሮፕላን ወንበር ላይ ሲታሰር ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ከመኪናው ስለሚለይ ችግሩ ሊብስ ይችላል። እንቅልፍ ሲመጣ ትክክለኛው ቦታ ጠፍጣፋው አልጋ ነው፣ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚሰካው።

ሌላም አለ። አውሮፕላኑ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ መውረድ ሲጀምር የጆሮ ግፊት ይመጣል፤ ሕፃኑ ቢጠባና ቢውጥ ይቀልለዋል። በካር ሲት የታሰረ ሕፃን ጡት አይጠባም። ስለዚህ ሕጉ ከወጣ እናቲቱ ለዚያ ግማሽ ሰዓት የታለበ ወተት በጡጦ ማዘጋጀት ይኖርባታል፤ ፍተሻው ላይ የሕፃን ወተት ከ100 ሚሊ ሊትሩ የፈሳሽ ገደብ ውጭ መሆኑንም ትወቅ።

የካቢን ልጅ፦
ሲስተር ያሉት እውነት ነው፤ ግን አልጋውም መልስ አይሆንም። ለመነሳትና ለማረፍ አይፈቀድም። የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ነው። የቀበቶ ምልክት ሲበራ ደግሞ በአብዛኛው ልጁን አውጥታችሁ እቀፉት ይባላል። ማለትም ልክ መናወጡ ሲጀምር ሕፃኑ ከአልጋ ወደ ባዶ እጅ ይዛወራል!

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አልጋው የሚሰካበት የፊት ረድፍ ብዙ ጊዜ ካር ሲት የማይገባበት ረድፍ ነው። ከፊቱ ወንበር ስለሌለ የምግብ ጠረጴዛው ክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜ ስክሪኑም እዚያው ነው። ስለዚህ ማሳረፊያው ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ አይነሳም፣ ወንበሩም በዚያው ልክ ጠባብ ይሆናል። ኤፍኤኤ ስፋቱ 40 ሴንቲ ገደማ የሆነ ካር ሲት አብዛኛው ወንበር ላይ ይገባል ይላል፤ እዚያ ረድፍ ላይ ግን እሱም ይታገላል። አንዳንዱ አውሮፕላን ላይ ቀበቶው ራሱ ኤርባግ አለበት፤ ያ ካለ ካር ሲት ብዙ ጊዜ አይታሰርበትም። ወላጅ ሁለቱንም ልያዝ ብሎ አልጋውንም ወንበሩንም ሲከፍል በር ላይ የሚገጥመው ይህ ነው።

ሌላ ረድፍ ላይም ቢሆን አውሮፕላን እንደ መኪና መንጠቆ የለውም፤ ያለው የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው። ትከሻን ጭምር የሚያቅፍ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሚፈልግ ካር ሲት እዚያ ላይ ከንቱ ነው። የተለመደው እንከን ደግሞ መቆለፊያው ነው፦ የአውሮፕላን ቀበቶ መቆለፊያ የሚከፈተው ክዳኑን ወደ ላይ በማንሳት ነው። ቀበቶው በካር ሲቱ ማለፊያ ሲያልፍ መቆለፊያው ፕላስቲኩ ጫፍ ላይ ይቀመጥና አይጠብቅም፣ ወይም ክዳኑ ወደ ፕላስቲኩ ዞሮ ሲደርሱ አይከፈትም። ክዳኑ ወደ ውጭ እንዲዞር አድርጎ ማሰር፤ መቆለፊያው መሀል ከወደቀ ደግሞ የቀበቶ ማራዘሚያ ጠይቆ ማስወጣት ነው መፍትሔው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሰረው ደግሞ የፊተኛውን መንገደኛ ወንበር እንዳይዘነብል ያግደዋል። ጠቡ ከዚያ ይጀምራል።

ጭምብል 4፦
አንድ የተረሳ ነገር። አውሮፕላኑ ራሱ የተሠራው ሕፃን በጭን ይሄዳል ተብሎ ነው። ብዙ አውሮፕላን ላይ ከሦስት ወንበር በላይ አራት የኦክስጅን ጭምብል ያለው ለዚህ ነው፤ ሁለት ባለ ሕፃን ወላጆች አንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን የማይቀመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አውሮፕላን በ90 ሰከንድ ባዶ መሆን እንደሚችል ሲፈተን ሰዎቹ ሦስት የሕፃን አሻንጉሊት ታቅፈው እንዲወጡ የአሜሪካው ደንብ ያዛል። ሕፃኑ በማሰሪያ ይሁን ካልን ይህም ፈተና ይቀየር፤ በባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ የታሰረ ልጅ ፈትቶ ማውጣት ሰከንድ ይበላል።

ሒሳበኛው፦
እንግዲያውስ አውሮፓ የሚሠራበት ተጨማሪ ቀበቶ አይበቃም? ከወላጁ ቀበቶ ጋር ተያይዞ ሕፃኑን የሚይዘው። ዋጋም አይጨምር፣ ወንበርም አይፈልግ።

ቀበቶ ጠበቅ፦
አሜሪካ ውስጥ እኮ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ሲነሳና ሲያርፍ የተከለከለ ነው። የአዋቂው ሰውነት ወደ ፊት ሲታጠፍ ሕፃኑ መሀል ገብቶ ትራስ ይሆናል፤ ቀበቶው ሆዱ ላይ ነው ያረፈው። መናወጥ ላይ ግን ከባዶ እጅ እንደሚሻል አልክድህም። በራስ ቀበቶ ውስጥ ሕፃን ጨምሮ ማሰር ግን የትም ይሁን የት አይሞከርም፤ 70 ኪሎ ሰው ይጨፈልቀዋል።

ሲስተር ማ.፦
ሕጉ ይውጣ ከተባለ ቢያንስ ዕድሜ ይለይ። አንድ ዓመት ካለፈና 10 ኪሎ ከሞላ በወንበሩ ጀርባ ዙሪያ የሚታሰረው የትከሻ ማሰሪያ አለ፤ እስከ 20 ኪሎ ይይዛል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የአንገት ችግርም የለበትም። ለዚህ ዕድሜ ወንበር ማስገደድ ይገባኛል። የሁለት ወሩን ግን ካቢኑ ውስጥ ጠፍጣፋና የሚታሰር ነገር ሳይዘጋጅለት ወንበር ግዙለት ማለት ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ ነው።

ሒሳበኛው፦
በዕድሜ ከተከፈለ እኔም ግማሽ መንገድ እመጣለሁ። ዋጋውስ? ወንበሩን ሕግ ካዘዘው የልጁን ዋጋም ሕግ ይገድበው፤ አለበለዚያ ድምፄን አልሰጥም።

አዲስ ገቢ፦
ሕጉ እስኪወጣስ? ለበረራችን ሦስት ወር ቀርቶናል። የ14 ወር ልጅ ነው፣ ወንበር አልተገዛለትም።

የካቢን ልጅ፦
አሁኑኑ ካር ሲቱን ገልብጠሽ ጽሑፉን እይ፤ ለተሽከርካሪና ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑ እላዩ ላይ መጻፍ አለበት፣ አሜሪካ ለተሠራው በቀይ ነው። ተሳፋሪ ቀላል ወደሚሆንበት ቀን ትኬቱን አዛውሪ። በሩ ላይ ከመሳፈር በፊት ባዶ ወንበር እንዳለ ጠይቂ፤ ካለ ብዙ አየር መንገድ ያለ ክፍያ አስገቢው ይልሻል። ከሌለ ካር ሲቱ በሩ ላይ ተወስዶ ከሻንጣ ጋር ይጫናል። ቦታው መስኮት ጋ ነው፤ የመውጫ በር ረድፍ ላይ፣ ከፊቱና ከኋላውም አይሆንም። የመመለሻው ቀን ደግሞ ሁለት ዓመት ከሞላ በኋላ እንዳይሆን ልብ በይ፤ ያኔ የመመለሻው ወንበር ግዴታ ነው።