ድምፁን ልቀንስ ብዬ ጥራቱ ጠፋብኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። አምፕሊፋየሬ ቮልዩሙ ገና ትንሽ ሲነካ ቤቱን ያናውጠዋል። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ አራስ ናት፤ ማታ ማታ ቀስ አድርጌ መስማት አለብኝ።

ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም (የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ) ዲቪዲ ማጫወቻው ጋ አሰርኩ። ከዚያ እስከ አምፕሊፋየሩ 8 ሜትር ገመድ አለ። ድምፁ ቀነሰ፣ ግን ደበዘዘ። የማሲንቆው ጭረት ጠፋ፤ ጸናጽሉ በጨርቅ የተሸፈነ መሰለ። ያሰርኩትን ቮልዩም ፈትቼ ሳስወግደው በዚያው ገመድ ጥርት ይላል።

አሁን በእሱ ፋንታ በየቻናሉ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ደግሞ ወደ ግራውንድ (የጋራው መመለሻ ሽቦ) ልበይድ ነው። በስሌቴ ወደ 21 ዴሲቤል ይቀንሳል። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 47 ኪሎ ኦም ነው። ሬዚስተሮቹን የትኛው ጫፍ ላይ ልበይዳቸው፦ ማጫወቻው ጋ ወይስ አምፕሊፋየሩ ጋ?