ቴሌግራም ይሠራል፣ ጉግል ግን አይከፍትም፤ የልጄ የቤት ሥራ ነገ ጠዋት ነው!

የሳቢያን እናት (ማታ 2፡20)
እባካችሁ የምታውቁ ድረሱልኝ። የስድስተኛ ክፍል ልጄ «ድሬዳዋ መቼና ለምን ተቆረቆረች? ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ጻፉ» ተብላ ነገ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታስረክባለች። የነገረችኝ አሁን፣ እራት ላይ ነው። ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው። ቴሌግራም ይኸው ይሠራል፤ ጉግልን ስትነካ ግን ቀይ ምልክት አውጥቶ ይመልሳታል። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

የለገሃሬ ልጅ
አጥፍተሽ አስነሺው።

ኮፒ ቤት መጋላ
ጥቅሉን አይተሻል? ለቴሌግራም ብቻ የሚሆን ገዝተሽ እንዳይሆን።

የሳቢያን እናት
ዛሬ ነው የሞላሁት፣ ለሁሉም የሚሆነውን። አጥፍቼም አስነስቼዋለሁ።

የደቻቱ ማዶ
ይቅርታ አድርጊልኝና ነገሩ ራሱ አይገባኝም። ድሬዳዋ ተቀምጦ የድሬዳዋን ታሪክ ከኢንተርኔት? እኛ ሽማግሌ ጠይቁ ተብለን ነው የተማርነው። ልጅቷን ይዘሽ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ብቅ ብትዪ ይሻል ነበር።

የሳቢያን እናት
በዚህ ማታ ጣቢያው ሄጄ ማንን ልጠይቅ፣ ዘበኛውን?

መምህር ከከዚራ
እንደ አስተማሪ አንድ ነገር ልበልዎት። ችግሩ የስልክ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ስለ ሐረር ጀጎል ግንብ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዱ ተማሪ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሁሉንም ገልብጦ፣ በቅንፍ የታሰሩትን የምንጭ ቁጥሮች ሳይቀር አስፍሮ፣ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ የነበሩትን ቃላት በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሮባቸዋል። «ይህ መስመር ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እዚያም እንዲሁ ነው» አለኝ። ግማሹ ክፍል በሮቹ አምስት ናቸው ብሎ ጽፏል፣ ግማሹ ስድስት። ሁለቱም ከኢንተርኔት የመጡ ናቸው! አምስቱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት ግንብ ጋር የሚቆጠሩት ጥንታዊ በሮች ናቸው፤ ስድስተኛው ከዚያ በኋላ የተከፈተው ነው። ለምን ተለያየ ብሎ የጠየቀ አንድም ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ልጅዎ ቢያንስ ሁለት ገጽ ከፍታ ታመሳክር።

ዝምተኛው
መምህር፣ አንዱም አልከፈት ብሏት እኮ ነው።
እህቴ፣ ቀዩ ምልክት ሥር ምን የሚል ጽሑፍ አለ?

የሳቢያን እናት
እንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ሰዓት ነገር ይላል። ሰዓቱ ግን ልክ ነው፣ 2፡41። ዓመቱም ልክ ነው። ትናንት አባቴ «ይህ ስልክ የሚቆጥረው የፈረንጅ ነው» ብሎ ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ መልሶታል።

የለገሃሬ ልጅ
ባትሪውን አውጥተሽ መልሰሽ አስነሺው።

ዝምተኛው
ተገኘ! አባትሽ ናቸው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ለስልክሽ የሚያሳየው መታወቂያ አለ፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ስልክሽ ራሱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አስቀምጦ ሲያየው መታወቂያው ገና ያልተሰጠ ሆኖበት ሐሰተኛ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ቴሌግራም የሚገባበት መንገድ ሌላ ስለሆነ አልፏል። ቅንብሮች ውስጥ ግቢ፣ ቀንና ሰዓት የሚለውን ክፈቺና በራሱ እንዲያስተካክል አድርጊው። 8፡41 ቢልሽ አትደንግጪ፣ ያው የእኛው 2፡41 ነው። ለአባትሽ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ጫኚላቸው።

ኮፒ ቤት መጋላ
የእኔም አባት እንዲሁ አድርጎ አንድ ሳምንት ሙሉ ቴሌን ሲረግም ነበር።

የደቻቱ ማዶ
ቢከፈትስ? ኢንተርኔቱ ከተማችን የተቆረቆረችው በ1902 ነው ይላል። እኛ የምናውቀው 1895 ነው። ልጆቹን እያሳሳተ ነው።

ዝምተኛው
ያው የስልኩ በሽታ ነው እኮ! 1902 በእነርሱ አቆጣጠር፣ 1895 በእኛ። ልጅቷ 1902ን ያለ «እ.ኤ.አ.» ብትጽፈው ግን መምህሯ በቀይ ያሰምሩበታል፤ ሁለቱንም ታስፍር። «ለምን» ለሚለው ደግሞ፦ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱና ወጪው ስላልተቻለ ከተራራው ሥር ጣቢያ ተሠራ። ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ አደገች፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው።
ስትፈልግ «ድሬዳዋ» ብቻ ብላ አትተው፤ «ድሬ ዳዋ» ብላ ለያይታም ትሞክር። ሐረርንም አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ በአንዱ ያጣችውን በሌላው ታገኘዋለች።

መምህር ከከዚራ
ይህን መልስ እንዳለ እንዳትገለብጠው አደራ።

የሳቢያን እናት
ቅንብሮች እንግሊዝኛ ሆነብኝ፣ እየፈለግሁ ነው። አባቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ «ምኑን ትጎረጉሪያለሽ፣ እኔን ጠይቂኝ፣ ሽሚኖ፣ ምድር ባቡሩ ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ለምን ሆነና» ይላል።

የደቻቱ ማዶ
አላልኩም? ሽማግሌው ቤት ውስጥ ነበር!

ዝምተኛው
እሳቸው ያውሩ፣ ልጅቷ ትጻፍ፤ አንዱ ምንጭ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ጉግል ሲከፈት ታመሳክራለች። ለወደፊቱ ኪዊክስ የሚባለውን መተግበሪያ ጫኚ፤ የአማርኛውን ዊኪፔዲያ አንድ ጊዜ ካወረድሽ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ኮፒ ቤት መጋላ
ካልሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እከፍታለሁ። ዛሬ ሦስት ልጆች ይህንኑ አሳትመዋል፣ ገጹ እጄ ላይ ነው።

መምህር ከከዚራ
እባክዎ አይስጧት!

ዝምተኛው (ማታ 3፡30)
እህቴ፣ ተከፈተ?

የገንደ ቆሬ አባት (ማታ 4፡05)
የእኔም ልጅ አሁን ነገረኝ፣ ያው ጥያቄ ነው። ኮፒ ቤት፣ ጠዋት አንዱን አስቀምጥልኝ።