ቻታም ስኩዌር ጣቢያ ለምን ፈረሰ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። የኒውዮርክን የድሮ ፎቶዎች ሳይ ቻታም ስኩዌር የሚባል የባቡር ጣቢያ አገኘሁና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከመንገዱ በላይ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ያውም ባለ ሁለት ደረጃ ጣቢያ ነው። ዛሬ የለም። እኛ ጅማ ላይ ባቡር መቼ ይመጣልን ይሆን እያልን እነሱ እንዴት ያፈርሳሉ?

ከጅሬን፦
ከስር ጨለማ ነበር እኮ። ሐዲዱ ፀሐይ ይከልላል፣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ባለ ንብረቶቹም ይነሳልን ይሉ ነበር። በዚያ የሚያልፈው የሁለተኛው ጎዳና መስመር እ.ኤ.አ. በ1942 ቀረ። የሦስተኛው ጎዳናም በ1955 ጣቢያው ባለበት የኒውዮርክ ክፍል፣ ማንሃተን ውስጥ፣ ሲቆም ጣቢያው አብሮ ተዘጋ።

የአጂፕ ሰፈር፦
ልክ ነው፣ ግን ዋናው ነገር ተረሳ። በምትኩ የምድር ውስጥ ባቡር ይሠራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የሁለተኛው ጎዳና አዲሱ መስመር የመጀመሪያ ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው! ቻታም ስኩዌር ጋ እስካሁን አልደረሰም። ምትኩ ሳይቆም ያለውን ማፍረስ በጣም ያናድደኛል። ተጎጂው መኪና የሌለው ሰው ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ብሮንክስ በሚባለው ሌላው የኒውዮርክ ክፍል ግን የሦስተኛው ጎዳና መስመር ቀጥሏል የሚባለው እውነት ነው?

ከጅሬን፦
አዎ፣ እስከ 1973 እ.ኤ.አ.።