የባለቤቴ አያት ከቲክቲን ናት፤ ከየት ልጀምር?

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እስራኤል ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት የዘር ሐረጓን እንድትጽፍ አዟታል፤ እዚህ «ሾራሺም» ይሉታል። የእኔን ወገን አባቴ በአንድ ከሰዓት ጨረሰላት። ከጎንደር ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት፣ ያለ ምንም ወረቀት። ያስቸገረን የአባቷ ወገን ነው። የባለቤቴ አያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ፖላንድ ውስጥ ቲክቲን የምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዳ፣ በ1935 ብቻዋን ወደዚህ መጣች። ወላጆቿና ወንድሞቿ እዚያው ቀሩ። በእጃችን ያለው አንድ ፎቶ፣ የአባቷ ስምና የቤተሰቡ መጠሪያ ብቻ ነው። ካርታ ላይ ቲክቲን የሚባል ቦታ አጣን። ልጄ «ሁሉም አውሽዊትዝ፣ የናዚዎች የሞት ካምፕ ውስጥ፣ አለቁ» ብላ ጽፋለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ። ከዚህ በፊት ኢንተርኔት ላይ ላገኘሁት ሰው ከፍዬ የሌላ ከተማ መዝገብ ልኮልኝ ያውቃል። ሥራው ከፋሲካ በኋላ ነው የምታስረክበው። እርዱኝ።

ተማሪው ከቢያሊስቶክ፦
እህቴ፣ ካርታው ላይ «ቲኮቺን» ብለሽ ፈልጊ። ቲክቲን በይዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ስሟ ነው። ከቢያሊስቶክ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ናሬቭ ወንዝ ዳር ናት።

ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። ከተማ ከምላት መንደር ብላት ይቀለኛል። በአንድ ጫፍ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ጫፍ ምኩራቡ፣ መሀል አደባባዩ። የመጀመሪያዎቹ አይሁዶች በ1522 ከግሮድኖ የመጡ አሥር ቤተሰቦች ናቸው፤ የቦታው ጌታ ኦልብራኽት ጋሽቶልድ ነው ያስመጣቸው። ምኩራቡ በ1642 ተሠራ። ግድግዳው በሙሉ ጸሎት ተጽፎበታል። ዕብራይስጥ አንዲት ፊደል ባልለይም አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ሳየው ቆየሁ። በ1970ዎቹ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። አሁን አይጸለይበትም። የድሮው መቃብር ግን ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ድንጋይ ቀርቷል። የመቃብር ድንጋይ እናገኛለን ብላችሁ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ሁሉን ፈላጊ፦
ዲኤንኤ አስመርምሩ፣ ይገላገላል።

የድሮ መዝገብ ወዳጅ፦
ዲኤንኤ የቅድመ አያትን ስም አይነግርም ወንድሜ፤ ለፋሲካም አይደርስም።

እህቴ፣ መጀመሪያ የአውሽዊትዙን ነገር ልጅሽ ታርመው። የቲክቲን አይሁዶች ወደ ካምፕ አልተወሰዱም። ከተማዋ ከ1939 መስከረም ጀምሮ በሶቪየት እጅ ነበረች። ጀርመኖች በ1941 ሰኔ ገቡ። በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 25 ቀን ጠዋት አይሁዶቹ አደባባዩ ላይ እንዲሰበሰቡ ታዘዙ። ከዚያ ወደ ሎፑሆቮ ጫካ ወሰዷቸው፤ ጉድጓዶቹ ቀድመው ተቆፍረው ነበር። በዚያ ቀንና በማግስቱ ተረሸኑ። የሟቾቹ ግምት ከ1,400 አንስቶ ከ2,000 በላይ ይደርሳል። ከከተማው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በሁለት ቀን ጠፋ ማለት ነው። ጥቂቶች ሸሽተው አመለጡ። ከእስራኤል የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ምኩራቡንም ጫካውንም ያያሉ፤ ምናልባት ልጅሽም አሥራ አንደኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ትሄድ ይሆናል።

አሁን ወደ ፍለጋው። በናዚዎች ያለቁት አይሁዶች መታሰቢያ ከሆነው ከያድ ቫሼም የስም ማኅደር ጀምሪ፤ ነፃ ነው፣ በዕብራይስጥም ይፈለጋል። እዚያ «የምስክርነት ገጽ» የሚባል ቅጽ አለ። የሟቹ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የኖረበት ቦታ፣ ሥራው ተሞልቶበታል። የሞላው ዘመድ ስምና ፊርማም አለበት። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ያንን ነው። ሟቹን ስትፈልጊ የማታውቂው ዘመድ ልታገኚ ትችያለሽ። ከዚያ ቀጥሎ የመታሰቢያ መጽሐፋቸውን እይ። ከከተማዋ የተሰደዱት በ1959 ቴል አቪቭ አሳትመውታል፤ ዕብራይስጥ ስለሆነ ባለቤትሽ ያነበዋል።

መዝገቡን በተመለከተ፣ በዚያ አካባቢ እስከ 1868 በፖላንድኛ፣ ከዚያ በኋላ አገሩ በሩሲያ ሥር ሳለ በሩሲያኛ ነበር የሚጻፈው። አያትየዋን በ1913 መዝገብ ስትፈልጉ በሩሲያኛ ፊደል ነው የምታገኟት። ከመቶ ዓመት ያለፈ የልደት መዝገብ ከከተማው ቢሮ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይሻገራል። ጄአርአይ ፖላንድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የአይሁዶች መዝገብ ማውጫ አለ፤ መጀመሪያ እሱን እዩ። ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኋላ ስትሄዱ የቤተሰብ ስም ይጠፋባችኋል። አትደንግጡ። የዚያ አገር አብዛኛው አይሁድ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። የቤተሰብ ስም በሕግ የመጣባቸው በኋላ ነው። ስለዚህ «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያላችሁ ቁጠሩ፤ አባትሽ ያሳያት ይሆናል።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ተባረኩ። ልጄ «ታዲያ ቲክቲን የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸው ዘመዶቻችን ናቸው?» ትላለች።

የድሮ መዝገብ ወዳጅ፦
ጥሩ ጥያቄ ናት! ብዙውን ጊዜ ስሙ ከዚያ የወጣ ሰው ነው የሚይዘው። እዚያው ቲክቲን ውስጥ እየኖረ ቲክቲን የሚባል ማን አለ? ሁሉም ቲክቲን ነው። ለልጅሽ ሥራ የምትሆን አንዲት ሴት ግን አለች፤ ሪቭካ ቲክቲነር ትባላለች። አባቷ ከዚያች ከተማ ነው፤ እሷ በ1605 ፕራግ ሞተች። የጻፈችው መጽሐፍ በ1609 ታተመ። በይዲሽ መጽሐፍ የጻፈች የመጀመሪያዋ ሴት ይሏታል። ዘመዳችሁ ናት አላልኩም፣ የአያትየዋ አገር ልጅ ናት።

ተማሪው ከቢያሊስቶክ፦
አንድ ነገር ከእኔም። አሽከናዚዎች፣ ማለትም የዚያ አገር አይሁዶች፣ በሕይወት ባለ ሰው ስም ልጅ አይሰይሙም፤ በሞተ ዘመድ ነው። ሁለት የአጎት ልጆች አንድ ስም ከያዙ ያ ስም ያለው አያት ወይም ሌላ ዘመድ ከእነሱ በፊት ሞቶ ይሆናል። መዝገብ ባታገኙም ከዚህ ትገምታላችሁ።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ያድ ቫሼም ላይ አምስት ገጽ አገኘን። የሞላችው ራሷ አያትየዋ ናት! ባለቤቴ ጽሕፈቷን ሲያይ ዝም አለ። ለማንም ነግራ አታውቅም። የአባቷ ሥራ «ኮፍያ ሰፊ» ይላል።

የልደት መዝገቧም ተገኘ፤ ግን ሁለት ቀን ተጽፎበታል፣ መጋቢት 2 እና መጋቢት 15። ስህተት ነው?

የድሮ መዝገብ ወዳጅ፦
አይደለም። ሩሲያ ያኔ በጁሊያን አቆጣጠር ነበረች፣ ከአውሮፓው 13 ቀን ወደ ኋላ። መዝገቡ ሁለቱንም ይጽፋል። በዛሬው አቆጣጠር 15 ነው።

የሰባተኛ ክፍል እናት፦
ለዚህ ነው እንዴ! ባለቤቴና እህቱ ስለ አያታቸው ልደት ዘመናቸውን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፤ እሱ 2 ይላል፣ እሷ 15። አባቴ ሰምቶ «እነሱም ሁለት አላቸው?» ብሎ ሳቀ። አሁን ሎፑሆቮን በዕብራይስጥ እንዴት እንደምትጽፈው ከአባቷ ጋር እየተከራከረች ነው።