ከላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ለሜካኒካል ቬፕ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከሀዋሳ ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሜካኒካል ቬፕ (ቺፕ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) አምጥቶልኝ ባትሪ ግን የለውም፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ 18650 (ክብ ሊቲየም ባትሪ) አለኝ እሱን ብከተው ችግር አለው እንዴ? ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ) 0.2 ኦም ነው

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ሜካኒካል እኮ ቺፕ የለውም፣ ሾርት ቢያደርግ የሚያቋርጥልህ ነገር የለም። ፉል ቻርጅ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፣ ለ0.2 ሲካፈል 21 አምፔር፣ የላፕቶፕ ባትሪ ደሞ ለዚህ አልተሰራም፣ ይግላል ከዛ ጋዝ ይተፋል፣ የቬፑ ቱቦ መተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው ቦምብ በለው

ጠያቂው፦ ኮይሉን 0.5 ኦም ባደርገውስ?

መልስ፦ ወደ 8.4 አምፔር ይወርዳል፣ ግን ያረጀ ባትሪ አይታመንም። ፕላሱ ጋ ላስቲኩ የተላጠ ከሆነማ ጭራሽ እንዳትነካው፣ ኪስህም ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳትይዘው

ሌላ መልስ፦ ደሞ ሱቅ እንዳትፈልግ፣ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 የቬፕ ሽያጭ ክልክል ነው 😂